የዕጣው ዝርዝር ሳይታሸግ ዕጣ አይውጣ

ግልጽ ደብዳቤ
ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ልማት ቢሮ
ለአዲስ አበባ ከተማ ምክር ቤት
ለከተማችን ነዋሪዎች በሙሉ

ጤና ይስጥልን።

ስማርት ሲቲ የሚለው ስም ለጆሯችን አዲስ መሆኑ ቀርቷል። በየአደባባዩ ካሜራ ተተክሏል። መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት ተከፍቷል። የፋይዳ መታወቂያ የሌለው ሰው ባንክ ቤት ሲሄድ ይቸገራል። አሁን ደግሞ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስና ብሎክቼይን (ቅጂው በብዙ ኮምፒውተሮች የሚያዝ የተሳሰረ መዝገብ) በየስብሰባው ይነሳሉ። በሶፍትዌር ሥራ የምተዳደር የከተማዋ ነዋሪ ነኝና ይህን ስሰማ ደስ ይለኛል። ለአንድ ወረቀት ከወረዳ ወደ ክፍለ ከተማ፣ ከክፍለ ከተማ ወደ ማዕከል ሲመላለስ ለኖረ ሕዝብ ጉዳዩን አንድ ቦታ መጨረስ ትልቅ እፎይታ ነው። ምስጋናዬ ከልብ ነው።

ግን ከሁሉም በፊት እንዲቀድም የምፈልገው አንድ ነገር አለ። በስውር ሊቀየር የማይችል መዝገብ።

ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. የወጣውን የኮንዶሚኒየም ዕጣ የማያስታውስ አዲስ አበቤ ያለ አይመስለኝም። 14ኛው ዙር የ20/80 እና 3ኛው ዙር የ40/60 ነበር። ከ25,000 በላይ ቤቶች ለዕጣ ቀረቡ። ከሚጠብቁት መካከል በ1997 ዓ.ም. የተመዘገቡ ነበሩ። አስቡት፣ አስራ ሰባት ዓመት ሙሉ ኪራይ እየከፈሉ፣ ከዚያችው ደመወዝ ላይ ደግሞ እየቆጠቡ። ዕጣው በኮምፒውተር ሲወጣ ኮምፒውተር ስለሆነ ብዙዎቻችን አመንነው። ብዙም ሳይቆይ ግን መረጃው መነካካቱ ተነገረ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የላከው የቆጣቢዎች ዝርዝርና ወደ ሲስተሙ የገባው ዝርዝር አልተመሳሰሉም። ዕጣው ውስጥ መግባት የማይገባቸው ሰዎች ገብተው ተገኙ። ዕጣው ተሰረዘ። ሰዎች በቁጥጥር ስር ዋሉ። ኅዳር 2015 ዓ.ም. ዕጣው እንደገና ወጣ።

አስተዳደሩ ነገሩን ደብቆ ማለፍ ሲችል ለሕዝብ ነግሮ መሰረዙ የሚመሰገን ነው። በዚያ ቀን ደርሶኛል ብላ እልል ያለችውን እናት፣ ከዚያ ተሰርዟል ስትባል የሆነችውን ግን ማንም አይክሳትም። እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ነው። ያ ማጭበርበር ባይደረስበትስ ኖሮ? ከውጭ ሆኖ ማወቅ የሚችል አንድም ሰው አልነበረም። ዝርዝሩ ትናንት ማታ የነበረው ይሁን ዛሬ ጠዋት የተቀየረ፣ እኛ ተመዝጋቢዎቹ የምናይበት ቀዳዳ የለንም። ሲስተሙን የያዘው ሰው ታማኝ ከሆነ ተርፈናል፣ ካልሆነ የለንም።

ይህን ለመለወጥ ውድ ነገር አያስፈልግም። አንድን ፋይል፣ መቶ ሺህ ስም ይኑረው መቶ፣ በታወቀ ስሌት አስልቶ አንድ አጭር ኮድ ማውጣት ይቻላል። በብዛት የሚሠራበት ስሌት ኤስኤችኤ 256 ይባላል። የሚወጣው ኮድ 64 የፊደልና የቁጥር ምልክት ነው። የፋይሉ አሻራ እንበለው። ከፋይሉ አንድ ስም ብትቀንሱ፣ አንድ ፊደል ብትቀይሩ፣ አንድ ክፍት ቦታ ብትጨምሩ አሻራው ሙሉ በሙሉ ሌላ ይሆናል። ከአሻራው ተነስቶ ስሞቹን ማግኘት ደግሞ አይቻልም። ስለዚህ የማንም ገመና ሳይወጣ አሻራውን ለዓለም ሁሉ ማሳየት ይቻላል።

እንግዲህ የምለምነው ይህን ነው። የሚቀጥለው የቤት ዕጣ ከመውጣቱ በፊት ባንኩ የብቁ ቆጣቢዎችን ብዛትና የዝርዝሩን አሻራ በራሱ በኩል ያውጣ። የቤቶች ልማትም የራሱን ያውጣ። ሁለቱ አሻራዎች ካልገጠሙ ዕጣ አይውጣ። አሻራው ከዕጣው ቀን ቀደም ብሎ አዲስ ዘመን ላይ ይታተም፣ በሬዲዮ ይነበብ፣ በየወረዳው ሰሌዳ ይለጠፍ። እያንዳንዱ ተመዝጋቢ የሌላውን ስም ሳያይ የራሱ ስም በዚያው በታሸገው ዝርዝር ውስጥ መኖሩን የሚያረጋግጥበት ስሌትም አለ። እሱም ይሰጠው። በዕጣው ቀን ማሽኑ ዕጣውን ማስላት የሚጀምርበትን ቁጥር (መነሻ ቁጥሩ ያው ከሆነ ውጤቱም ያው ነው) ፕሮግራመሩ ቢሮው ተቀምጦ አይምረጠው። በአዳራሽ ውስጥ፣ በቀጥታ ስርጭት፣ በሕዝብ ፊት ከሚወጡ ኳሶች ይገኝ። የዕጣው ፕሮግራም ኮድም አስቀድሞ ይፋ ይሁን። ያኔ ዝርዝሩን እንዲመረምር የተፈቀደለት ዩኒቨርሲቲ ወይም ኦዲተር በራሱ ኮምፒውተር ዕጣውን ደግሞ አውጥቶ ያው ውጤት መምጣቱን ያረጋግጣል።

ይህ ሥራ አዲስ ፈጠራ አይደለም። ስቱዋርት ሃበርና ስኮት ስቶርኔታ የተባሉ ተመራማሪዎች በፈረንጆች 1991 ይህንኑ ሐሳብ አሳትመዋል። ሰነዶች በኋላ ቀን ተቀይረው እንዳይቀርቡ የእያንዳንዱን አሻራ ከቀደመው ጋር ማሰር ነበር ሐሳባቸው። ኩባንያቸው ከ1995 ጀምሮ አሻራውን በየሳምንቱ ኒውዮርክ ታይምስ ላይ በትንሽ ማስታወቂያ ያወጣ ነበር። የታተመን ጋዜጣ ከሰው ሁሉ ቤት ሰብስቦ ማስተካከል የሚችል የለም። ቢትኮይን የተባለው የኢንተርኔት ገንዘብ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ መነሻ ጽሑፉም የእነዚህን ሰዎች ሥራ ይጠቅሳል። ጋዜጣ ያለው አገር ይህን ነገር ዛሬ መጀመር ይችላል።

ብሎክቼይንም ይኸው እርስ በርሱ የታሰረ የአሻራ ሰንሰለት ነው። ስሙ ሲነሳ ግን ብዙ ሰው የሚያስበው ቢትኮይንን ነው። በአገራችን ደግሞ ከኤሌክትሪክ ኃይል መብራት እየገዙ ቢትኮይን የሚያመርቱ ኩባንያዎች ስላሉ ነገሩ ሁሉ መብራት የሚበላ ማሽን ይመስላል። እኔ የምጠይቀው እሱን አይደለም። የመንግሥት መዝገብን አሻራ ማሰር በተራ ኮምፒውተር የሚያልቅ ሥራ ነው።

ዋናው ነገር ሰንሰለቱን ማን ይይዘዋል የሚለው ነው። እቁብ ውስጥ ዕጣ ሲወጣ ዳኛውና ጸሐፊው ብቻቸውን ክፍል ዘግተው አያወጡም። ወረቀቱ ሲጠቀለል ሁሉም እያየ ነው። ሰው እርስ በርሱ እየተዋወቀ፣ እየተከባበረ እንኳ እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ብሎክቼይን ገዝታችሁ ኮምፒውተሮቹን ሁሉ አንድ ቢሮ ውስጥ፣ በአንድ አስተዳዳሪ ፓስወርድ ሥር ካስቀመጣችሁት በዳታቤዙ ላይ የስም ለውጥ ብቻ ነው ያደረጋችሁት። ፓስወርዱን የያዘው ሰው እንደ ድሮው ሁሉን ይቀይራል። ስለዚህ ቅጂው በተለያየ እጅ ይሁን። አንዱ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ አንዱ ዋናው ኦዲተር፣ አንዱ የጠበቆች ማኅበር፣ አንዱ ምክር ቤቱ ጋ። ለአንድ አለቃ የማይታዘዙ ሰዎች ይያዙት። ይህ ካልሆነ ገንዘቡ ለመንገድ ቢውል እመርጣለሁ።

ስለ መሬትም ላንሳ፤ ብሎክቼይን የሚሸጡ ኩባንያዎች መጀመሪያ የሚያቀርቡት የካርታ ምዝገባን ነውና። እዚህ ላይ ረጋ ማለት ይሻላል። ሰንሰለቱ የገባውን ነገር እንዳይቀየር አድርጎ ይይዛል። የገባው ነገር እውነት ይሁን ውሸት አያውቅም። በአንድ ቦታ ላይ ሁለት ካርታ ወጥቶ ከሆነ፣ ፋይሉ ከመዝገብ ቤት ጠፍቶ በሌላ ስም ከተመለሰ፣ ሰንሰለቱ ያንን ስህተት እውነት አስመስሎ ያኖረዋል። ተበዳዩ ቀድሞ ከጸሐፊ ጋር ነበር የሚከራከረው፣ አሁን ከማሽን ጋር ይሆናል። ሆንዱራስ በፈረንጆች 2015 የመሬት መዝገቧን በብሎክቼይን ልታደርግ ነው ተብሎ በዓለም ሁሉ ተወራ። ነገሩ መንገድ ላይ ቀረ። የቀድሞዋ የሶቪየት አገር ጆርጂያ በፈረንጆች 2016 የመሬት ሰነዶቿን አሻራ ማሰር ጀመረችና ሠራላት። ልዩነቱ ጆርጂያ ከ2004 ጀምሮ የመዝገብ መሥሪያ ቤቷን ከሥሩ አፍርሳ ስትሠራ፣ ጉቦውን ስታጠፋ፣ ሰነዱን ስታጠራ መቆየቷ ነው። አሻራው የመጣው ቤቱ ከተጠረገ በኋላ ነው።

እኛ ጋ የከተማ ይዞታ ምዝገባ አዋጅ 818 በ2006 ዓ.ም. ወጥቷል። ይዞታ የማረጋገጡ ሥራ በየቀጠናው ሲካሄድ ቆይቷል። ሰነድ አልባ የሚባሉት ይዞታዎች፣ በውርስ ክርክር ላይ ያሉት፣ የድሮ የቀበሌ ቤቶች፣ እነዚህ ሁሉ ገና ጣጣቸው ያላለቀ አለ። እነዚህን በችኮላ አታስሩብን። ይልቅ ከዛሬ ጀምሮ የሚደረገውን እያንዳንዱን ለውጥ እሰሩ። ካርታ ሲመክን፣ ስም ሲዛወር፣ ካሬ ሲጨመር፣ ማን በስንት ሰዓት እንዳደረገው አሻራው ይቀመጥ። የሊዝ ጨረታውም እንዲሁ። ተጫራቹ ዋጋውን ሳይገልጥ፣ ዋጋው ተገምቶ እንዳይገኝ ከራሱ ምስጢር ቁጥር ጋር ያሰላውን አሻራ አስቀድሞ ያስገባ፣ በመክፈቻው ቀን ዋጋውንና ቁጥሩን ያሳይ። ያኔ የሌላውን ዋጋ አይቶ በመጨረሻ ሰዓት አንድ ሺህ ብር የሚጨምር ሰው አይኖርም።

ሌላው ማየት የምፈልገው ቀላል ነገር ነው። ፋይሌን ማን ከፈተው? ኢስቶኒያ የምትባለው የአውሮፓ አገር በፈረንጆች 2007 ከባድ የሳይበር ጥቃት ደረሰባት። ከ2012 ጀምሮ የመንግሥት መዝገቦቿን አሻራ እያሰረች ነው። የኢስቶኒያ ሰው ኢንተርኔት ገብቶ የትኛው ሐኪም የጤና መዝገቡን እንዳየው ያውቃል። ያለ ምክንያት የከፈተ ይጠየቃል። እኛ ጋ ስማርት ስልክ የሌለው ብዙ ስለሆነ በኤስኤምኤስ ይሁን። «ዛሬ ከቀኑ 8፡20 የይዞታ ፋይልዎ በክፍለ ከተማ ተከፍቷል» የሚል አንድ መስመር። ይህች መስመር ብቻዋን ስንት ጉዳይ አስፈጻሚ ነን ባይ ደላላ ሥራ ታስፈታለች! የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ 1321 በ2016 ዓ.ም. ወጥቷል። ዜጋው ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ የማወቅና የማስተካከል መብት በሕግ አለው። ኤስኤምኤሷ መብቱን እጁ ላይ ታደርስለታለች።

እዚያው ኢስቶኒያ በፈረንጆች 2017 ከ700,000 በላይ መታወቂያዎች ላይ የደህንነት ክፍተት ተገኘ። መንግሥት ነገሩን ለሕዝብ በግልጽ ተናገረ፣ ምስክር ወረቀቶቹን አገደ፣ አደሰ። ሕዝቡ በዲጂታል መታወቂያው መጠቀሙን አላቆመም። እኛ ጋ ሲስተም ሲበላሽ የሚለጠፈው «ሲስተም የለም» የሚል ወረቀት ነው። ምን ሆነ፣ መቼ ይመለሳል፣ የእኔ መረጃ ተነክቷል ወይ፣ የሚመልስ የለም። ሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ለ5 ሚሊዮን ተማሪዎች በብሎክቼይን የትምህርት ማስረጃ ይሰጣል ተብሎ ከትምህርት ሚኒስቴር ጋር ስምምነት መደረጉ በዓለም ዜና ሆኖ ነበር። እንዲህ ያለ እቅድ ሲነገር የት እንደደረሰ ቆይቶ ለሕዝቡ መንገርም የሥራው አካል ነው።

ወደ አርቴፊሻል ኢንተለጀንሱ ልምጣ። በጣም የምፈራውና በጣም የምጓጓለት እሱ ነው።

የምፈራው በስማችን ምክንያት ነው። አንድ ሰው ወረዳ ላይ ኃይለማርያም ተብሎ ተጽፏል። ባንክ ላይ ሀይለማርያም ነው። የድሮ መታወቂያው ላይ ኃ/ማርያም። ፓስፖርቱ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ሌላ አጻጻፍ አለው። በቁቤ የሚጻፍ ስም ወደ ግዕዝ ፊደል ሲገባ ሦስት ዓይነት ይሆናል። የቤተሰብ ስም የለንም፤ አባትና አያት ነው ያለን። በአንድ ወረዳ ውስጥ ስንት አበበ ከበደ አለ? የልደት ቀን ደግሞ አንዱ ቢሮ በእኛ አቆጣጠር፣ አንዱ በፈረንጅ ይጽፈዋል። ሰባት ስምንት ዓመት ይለያያል። ብዙ አዛውንቶች ቀኑን ስለማያውቁት በግምት ነው የተሞላላቸው። አሁን ይህን ሁሉ ሰብስባችሁ «ሁለት ጊዜ የተመዘገበውን ለይ» ብላችሁ ማሽን ላይ ብትጥሉት ምን ይላል? ሁለቱን አበበ አንድ ሰው ያደርጋቸዋል። አንዱን ኃይለማርያም ሁለት ሰው ያደርገዋል። አንዷ እናት ከቤት ተመዝጋቢ ዝርዝር ትሰረዛለች፣ ለምን እንደተሰረዘችም የሚነግራት አይኖርም። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅም «ሲስተሙ ነው የከለከለው» ነው የምትላት። ልጅቷ አልዋሸችም፤ እሷም አታውቅም።

ይህ ፈጠራ ታሪክ አይደለም። ኔዘርላንድስ ላይ ደርሷል። የግብር መሥሪያ ቤቱ የልጆች ማሳደጊያ ድጎማ የሚወስዱትን ለማጣራት ማሽን ተጠቀመ። ማሽኑ የውጭ ዜግነትን እንደ ጥርጣሬ ምልክት ይቆጥር ነበር። በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ወላጆች አጭበርባሪ ተባሉ። ብዙዎቹ የስደተኛ ልጆች ነበሩ። የወሰዳችሁትን በሙሉ መልሱ ተባሉና በዕዳ ተዘፈቁ፣ ትዳር ፈረሰ፣ ልጆቻቸውን የተነጠቁም አሉ። በፈረንጆች ጥር 2021 የአገሪቱ ካቢኔ በዚህ ጉዳይ ሥልጣን ለቀቀ። ያ አገር የተማረ ሰው፣ ፍርድ ቤት፣ ጋዜጣ፣ ገንዘብ ሁሉ ያለው ነው። እንዲያም ሆኖ እውነቱ እስኪወጣ ዓመታት ፈጀ።

የአምስተርዳም ከተማ ከዚያ ተምራለች። ከሄልሲንኪ ጋር በ2020 የአልጎሪዝም መዝገብ ከፈተች። ከተማው የትኛውን ማሽን ለምን እንደሚጠቀም፣ በምን መረጃ እንደሚሠራ፣ ቅሬታ ወደ ማን እንደሚቀርብ ማንም ያነባል። በኋላም የማኅበራዊ ድጎማ አመልካቾችን የሚለይ ማሽን አድልዎ እንዳይኖረው ተጠንቅቃ ሠራች። ስትሞክረው አሁንም አድልዎ አሳየ። ተወችው። የለፋችበትን፣ ገንዘብ ያወጣችበትን ትታ ወደ ሰው ምርመራ ተመለሰች። እኔ ከዚህ ሁሉ የወደድኩት መተዋን ነው። እኛም አንድ ማሽን ከመግዛታችን በፊት «ይህን ያህል ሰው ላይ ከተሳሳተ እናቆመዋለን» ብለን ውሉ ላይ እንጻፍ። የአልጎሪዝም መዝገቡንም በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ አውጡልን።

አንድ ደንብ ደግሞ ምክር ቤቱ ያውጣ። ማሽን ይጠቁም እንጂ አይሰርዝ። አንድን ነዋሪ ከዝርዝር የሚያስወጣ፣ አገልግሎት የሚከለክል፣ ቅጣት የሚጥል ውሳኔ ሁሉ ስሙ በተጻፈ ሰው ይፈረም። ያ ሰው ማሽኑን የመሻር ሥልጣን ይኑረው። ሽሮትም አለቃው አይቆጣው።

የምጓጓለት ደግሞ ይህ ነው። ማንበብ የማይችሉ አዛውንት ስልክ ደውለው በቋንቋቸው «ለካርታዬ ምን ምን ይዤ ልምጣ?» ብለው ቢጠይቁ፣ ድምፁ ገብቶት የሚመልስ ማሽን። ከንጋት ጀምረው ተሰልፈው «መሸኛ ይጎድልዎታል፣ ነገ ይመለሱ» እንዳይባሉ። በየመዝገብ ቤቱ አቧራ የለበሱ በእጅ የተጻፉ ፋይሎችን አንብቦ ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ ማሽን፣ ሰው አጠገቡ ሆኖ እያረመው። ወረፋው የት እንደሚበዛ አስቀድሞ የሚናገር። የኢትዮጵያ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ኢንስቲትዩት በአገር ቋንቋዎች ላይ እየሠራ ነው። ከእሱ ጋር ሥሩ። ማሽኑ ሲሳሳት የሚጎዳው ሰው እንዳይኖር ሥራውን ከዚህ ዓይነቱ ቦታ ጀምሩት።

ሁሉን በአንድ ጊዜ ማለቴ አይደለም። ከ11ዱ ክፍለ ከተሞች አንዱን ምረጡ። በአንድ የሊዝ ጨረታ ሞክሩት። ዝርዝሩን አሽጉ፣ አሻራውን ጋዜጣ ላይ አውጡ፣ ኮዱን ይፋ አድርጉ፣ መርምሩልን ብላችሁ ወጣቶቹን ጥሩ። በዚህች ከተማ ሌሊቱን ሙሉ ኮድ ሲያነብ የሚያድር ስንት ልጅ አለ። ክፍተት ያገኘውን ሸልሙት። እኔም ብጠራ ያለ ክፍያ እመጣለሁ፤ የማውቃቸው ባለሙያዎችም ይመጣሉ።

አሁን የምጠብቀው ምላሽ አጭር ነው። ከሚቀጥለው ዕጣ ወይም ጨረታ በፊት የዝርዝሩ አሻራ ይታተማል ወይስ አይታተምም? አይታተምም ከሆነ ምክንያቱን ለነዋሪው በይፋ ንገሩን።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የአዲስ አበባ ነዋሪ